ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ

አቶ ሀብተሥላሴ በአምቦ ፖስታ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ከተማው አንድ ስም ሰጥቶ ሸኛቸው፤ "ፖስታው ሀብቴ"። ስሙን ይወዱታል። በእነዚያ ዓመታት በእጃቸው ያላለፈ የደብዳቤ ዓይነት የለም፤ ፍቅር ያለበት፣ መርዶ ያለበት፣ ክስ ያለበት፣ አንዳንዱም በምራቅ ብቻ የተጣበቀና እፍ ቢሉት የሚከፈት። አንዱንም ገልጠው አላዩም። ይህን የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው፤ በየለቅሶ ቤቱና በየሰርጉ፣ ሰሚው እስኪሰለች ድረስ። ሰሚው ቢሰለችም አይጠራጠርም፤ እውነት ነበራ።

ልጃቸው ምኞት ትንሽ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከባንኮኒው ጀርባ ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን አንድ እንግዳ ነጋዴ ፖስታውን ካሸገ በኋላ ግማሹ በክዳኑ፣ ግማሹ በፖስታው ጀርባ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ሲፈርም አየችና ለምን እንደሆነ ጠየቀች።

"ተሸካሚውን ያላመነ ሰው ነው እንዲህ የሚፈርም" አሏት አባቷ። "ፖስታው ቢከፈት ፊርማው ተዛብቶ ይታወቃል። ይሄ ሰውዬ ከሩቅ ነው የመጣው፣ አያውቀኝም። የአምቦ ሰው ለእኔ ሲሰጥ አይፈርምም።"

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እኚሁ ሰው ጡረታ በወጡ በዘጠነኛ ዓመታቸው የገዛ ልጃቸውን ደብዳቤ ከፈቱ።

ምኞት ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ጊንጪ ታስተምራለች፤ ጠዋት በሚኒባስ ሄዳ ማታ ትመለሳለች። ከእራት በፊት ሳሎኑ ጥግ ካለው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ የትምህርት ዕቅዷን ትጽፋለች። ዕቅዱ ሲያልቅ ግን ጣቶቿ አያርፉም፤ እየጻፈች ብቻዋን ፈገግ ትላለች። አቶ ሀብተሥላሴ ቴሌቪዥን የሚያዩ መስለው ፈገግታዋን ይቆጥራሉ። የትምህርት ዕቅድ እንደዚያ የሚያስቅ መሆኑን እስከዚያ ድረስ አያውቁም ነበር።

መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው በድሉ መላውን ነገራቸው። "ጋሼ ሀብቴ፣ ልጅ ያለው አባት ሁሉ ሊኖረው የሚገባ ነገር አለኝ" ብሎ ፍላሽ ላይ ጫነላቸው። ፕሮግራሙ ምኞት የምትጽፈውን ሁሉ ቃል በቃል መዝግቦ ያስቀምጣል፤ እሷ አታየውም፤ እርሳቸው ግን ሦስት ቁልፎችን አንድ ላይ ሲጫኑ ይከፈትላቸዋል። "ሲጭኑት አንቲቫይረሱ ይጮኻል፤ ዝም ብለው ያጥፉት። ልማዱ ነው።" ሦስቱን ቁልፎች በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሰጣቸውና ወረቀቷን መነጽር ማስቀመጫቸው ውስጥ ከተቷት። ፍላሹ አንድ ሳምንት ሙሉ ኮት ኪሳቸው ውስጥ ተቀመጠ። አልደፈሩም።

የደፈሩት ኅዳር ስምንት ቀን፣ እሑድ ነው። ያን ለት ጠዋት ሌንጂሳ የሚባል ጌዶ የሚያስተምር ወጣት አዲሱን ፕሪንተር ሊገጥም መጣ። ምኞት "ጓደኛዬ ነው፣ ኮምፒውተር ያውቃል" ብላ ነግራቸው ከእናቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። በሩን የከፈቱለት አቶ ሀብተሥላሴ ናቸው፤ የእድር ስብሰባ ነበረባቸውና ሦስት ሰዓት ሲሆን ብቻውን ትተውት ወጡ። ሲመለሱ ልጁ ሥራውን ጨርሶ፣ ከኩሽና ብርጭቆ አውጥቶ፣ ውኃ ቀድቶ እየጠጣ አገኙት። ብርጭቆ የት እንደሚቀመጥ ማን ነገረው? 'ይሄ ልጅ ቤቴን ከእኔ በላይ ያውቀዋል' አሉ በልባቸው። ምሳ በልቶ፣ እጅ ነስቶ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ጌዶ ሄደ። እናትና ልጅ አራስ ሊጠይቁ ወጡ። አቶ ሀብተሥላሴ በሩን ከውስጥ ቀረቀሩና ፍላሹን ከኪሳቸው አወጡ።

መጀመሪያ ግን ሰዓቱን አስተካከሉ። ኮምፒውተሩ አርጅቷል፤ ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስለሞተች መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑንም ሰዓቱንም ይረሳል፤ ያን ለትም መብራት ሄዶ መጥቷል። እርሳቸው ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠዋት ጠዋት የማኅተሙን ቀን ሲያዞሩ የኖሩ ሰው ናቸውና የተሳሳተ ቀን ሲያዩ ያማቸዋል። ቀኑን እንደ ፖስታ ቤቱ ማኅተም በፈረንጅ ይሞሉታል። ሰዓቱን ግን የእጃቸውን ሰዓት አይተው እንዳለ ነው የሚሞሉት። ስድስት ሰዓት መደመርና መቀነስ የሥራ ፈት ጣጣ ነው ባይ ናቸው። ከጎን ያለችውን የጠዋትና የማታ ምልክት ነክተዋት አያውቁም፤ ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ጠዋት ነው። የእጃቸው ሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ሞሉና ፍላሹን ሰኩ። አንቲቫይረሱ ጮኸ። አጠፉት።

በማግስቱ ምኞት ማታ የጻፈችውን ከፍተው ሲያነቡ ጽሑፉ ለሌንጂሳ ነበር። እንዲህ ይላል፦ "እኛ ቤት የሰው ደብዳቤ አይከፈትም። አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ምስጢር ተሸክሞ አንድ ቀን እንኳ ወደ ውስጥ አላየም። እኔ ሰው ማመን የተማርኩት ከእሱ ነው። አንተንም ያመንኩህ እሱን ስለምትመስለኝ ነው።"

አቶ ሀብተሥላሴ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሁለተኛ እንዳይነኩት ለራሳቸው ማሉ። መሐላው እስከ ረቡዕ ቆየ።

ሁለት ወር አነበቡ። ልጁ ቁም ነገረኛ መሆኑን አወቁ፤ እናቱን የሚጦር፣ የማይጠጣ፣ ምኞትን ከልቡ የሚወድ። ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌ እንደሚልክም ሚስታቸው ወይዘሮ ብርቅነሽ ሳይሰሙ እርሳቸው ቀድመው አወቁ። ሊያውቁ የፈለጉትን ሁሉ አወቁ፤ የፈሩት አንድም አልተገኘም። ይህን ጊዜ ማቆም ነበረባቸው። አላቆሙም፤ ሱስ ሆኖባቸው ነበር። ልጃቸው በአፏ የማትነግራቸውን በጣቷ ትነግራቸው ጀመር፣ እርሳቸውም ይህን እንደ ጨዋታ ቆጠሩት።

በጥር አጋማሽ፣ ሐሙስ ቀን፣ ምኞት ከጊንጪ ዓይኗ አብጦ መጣች። በስሟ፣ ከእሷ ኢሜይልና ከእሷ ቴሌግራም፣ ለአስተማሪዎቹ ሁሉ ጸያፍ ፎቶ ተልኳል። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠርተዋታል። "እኔ አይደለሁም" ብላለች፤ ማን ይመናት? ሚኒባስ ውስጥ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ነው የመጣችው።

"ማን ሆን ብሎ እንዲህ ያደርገኛል?" እያለች አለቀሰች።

አቶ ሀብተሥላሴ ቡናቸውን አስቀመጡና ወደ ጥጉ ወደ ኮምፒውተሩ አዩ። ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ምን እንደሆነ በትክክል አልገባቸውም፤ ነገሩ ከእጃቸው ሥራ እንደመጣ ግን አወቁ።

ቅዳሜ ጠዋት ዱሬቲ መጣች። ዱሬቲ የምኞት የልጅነት ጓደኛ ናት፤ መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆና ትሠራለች። ገና ሳትቀመጥ የዋይፋዩን ገመድ ነቀለች።

"መጀመሪያ ከውጭ ጋር የሚያገናኘውን መዝጋት ነው" አለች። "ምኞቴ፣ እዚህ ላይ ምንም ፓስወርድ እንዳትጽፊ። በእኔ ስልክ ነው የምትቀይሪው። እዚህ ከጻፍሽው አዲሱንም ያየዋል።"

"ማነው የሚያየው?" አሉ ወይዘሮ ብርቅነሽ ወደ ኮምፒውተሩ ጀርባ እያዩ፣ ሰው የተደበቀ ይመስል።

"እሱን ነው የምንፈልገው እማማ።"

ዱሬቲ የራሷን ንጹሕ ፍላሽ ሰክታ ኮምፒውተሩን ከእሱ አስነሳችው። መብራት ጠፍቶ አድሮ ስለነበር፣ ሰዓቱና ቀኑ ተረስቶ ነበር፤ ከስልኳ አይታ ሞላችው። ከዚያ ማጣራት ጀመረች። አረንጓዴው መስመር ቀስ እያለ ሲሞላ አቶ ሀብተሥላሴ ከሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያንከባልሉ ነበር፤ ጸሎቱ ግን የት እንደደረሰ አያውቁም።

"ተገኘ" አለች ዱሬቲ። "ሁለት ናቸው። አንደኛው የሚጻፈውን የሚመዘግብ ሰላይ ነው። ሁለተኛው በእሱ ጀርባ ተደብቆ የገባ ሌባ ነው፤ ፓስወርድሽን ወደ ውጭ የላከው እሱ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ፕሮግራም በነፃ የሚያዳርሱት ለዚህ ነው፣ ሌባውን ጭኖ እንዲመጣ።" ከዚያ ወንበሩን አዞረች። "ግን ይሄ ከኔት በራሱ የገባ አይደለም። ሰው እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የጫነው። አንቲቫይረሱንም በእጁ ነው ያጠፋው። ቀኑ ተጽፏል፤ ኖቬምበር አሥራ ሰባት፣ እሑድ፣ ጠዋት ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። በእኛ ሦስት ከሃያ ማለት ነው።"

ምኞት ስልኳን አወጣችና ቀኑን ቆጠረች። "ኅዳር ስምንት።"

"ፕሪንተሩ የመጣ ለት!" አሉ ወይዘሮ ብርቅነሽ፤ አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ያን ለት ጠዋት ሦስት ከሃያ ላይ እናትና ልጅ ቅዳሴ ናቸው፤ አባት እድር ናቸው፤ ከዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ የነበረው አንድ ሰው ነው። የምኞት ፊት መጀመሪያ ቀላ፤ ቀጥሎ ነጣ።

"ቆይ" አለች ዱሬቲ። "የዚህ ኮምፒውተር ባትሪ ሞቷል። መብራት ሲሄድ ሰዓቱን ማነው የሚሞላው?"

ሁሉም ወደ አቶ ሀብተሥላሴ ዞሩ። እርሳቸው በዚያች ቅጽበት ሁሉንም አዩት፤ ዘጠኝ ከሃያው ጠዋት እንዳልሆነ፣ ከሰዓት በኋላ እንደሆነ፣ ያን ሰዓት ልጁ ጉደርን አልፎ እንደሄደ። አንድ ቃል ቢናገሩ ይበቃ ነበር።

"እኔ ምን አውቄ" አሉ። "ራሱ ከኔቱ የሚወስድ መሰለኝ።"

ምኞት ስልኳን ይዛ ግቢ ወጣች። በመስኮቱ ድምጿ ይሰማል። "ሌላ ማን ነካው? ንገረኝ እስቲ፣ ሌላ ማን አለ?" የሚላትን ሰማች። ከዚያ ጮኸች። "አባቴን? አባቴን ነው የምትለው? ፖስታው ሀብቴ ማለት ማን እንደሆነ ሂድና የአምቦን ሰው ጠይቅ!" ዘጋችበት።

አቶ ሀብተሥላሴ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ግን አልተነሱም። ሰው ለካ ከሞት ይልቅ ሐፍረትን ይፈራል።

ዱሬቲ ሰላዩንና ሌባውን መንቀል ብቻ አይበቃም አለች። እንዲህ ዓይነት ነገር ሥር አለው፤ አንዱን ስትነቅለው ሌላው ይቀራል። የምኞትን ጽሑፎችና ፎቶዎች ብቻ አውጥታ፣ አንድ ባንድ አጣርታ፣ እሑድ ከሰዓት መጥታ ኮምፒውተሩን ፎርማት ታደርገዋለች። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው ነገረቻቸው። ቀኑና ሰዓቱ የሚታይበትንም ገጽ በስልኳ ፎቶ አነሳችው፤ ምኞት ለሌንጂሳ ትምህርት ቤት መክሰሻ ያስፈልገኛል ብላለች።

የልጁ ሽማግሌዎች ሊመጡ የተቀጠሩት ለዚያው እሑድ ጠዋት ነው። የሽማግሌ ቀጠሮ በስልክ አይሰረዝም፤ ነውር ነው። "ይምጡ" አለች ምኞት። "አባዬ፣ አንተ መልስላቸው። የደብዳቤን ነገር ከአንተ በላይ ማን ያውቃል?"

ሦስት ሆነው መጡ። ፊት ፊት ያሉት ኦቦ ኩምሳ ናቸው፤ የአምቦ ሰው፣ አቶ ሀብተሥላሴን ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ። "አካም ቡልተኒ" ብለው በኦሮምኛ እንደምን አደራችሁ ተባባሉ። ተቀመጡ ቢባሉ እንደ ደንቡ አንቀመጥም አሉ። ነገራቸው ሳይሰማ አይቀመጡም። ኦቦ ኩምሳ በትራቸውን ተደግፈው ቆመው የልጁን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የዘሩን ደግነት ተናገሩ። ጓዳ ውስጥ ምኞት ከእናቷ ጋር ቆማ ትሰማለች።

አቶ ሀብተሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ኦቦ ኩምሳ፣ ልጄን ለዚህ ልጅ አልሰጥም።"

"ምን አጠፋ?"

"የልጄን ደብዳቤ ከፍቷል።" አሉ የኮታቸውን ኪስ እየዳበሱ። "በኮምፒውተር ሰልሏታል። ስሟንም ያጠፋው እሱ ያስገባው ነገር ነው።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። አንደኛው "ማስረጃ..." ብሎ ሲጀምር ኦቦ ኩምሳ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት።

"ማስረጃ አንጠይቅም" አሉ። "ወንድሜ በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ የሚጽፍልኝ፣ ሰው ሁሉ የሰውን ወረቀት በሚያሸትበት ዘመን፣ ታሽጎ የሚደርሰኝ በዚህ ሰው እጅ ነው። ሀብቴ ስለ ደብዳቤ ከተናገረ ተናገረ ነው። እኛ ነን ያፈርነው። ልጁን አጣርተን መምጣት ነበረብን።" ከዚያም አጎነበሱ፤ ይቅርታ ጠየቁ፤ ሳይቀመጡ፣ ከቀረበላቸው አንድ ጉርሻ ሳይቀምሱ ወጡ።

አቶ ሀብተሥላሴ እስከ በር ሸኟቸው። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይላሉ። እርሳቸው ግን ያን ቀን ሰማዩ የቤታቸው ጣራ ላይ የተቀመጠ መሰላቸው። የሰው ልጅ ቢዋሽ አንድ ነገር ነው፤ ታማኝ ስሙን አውጥቶ ለውሸት ዋስ ሲያቆም ግን ምን ይባላል? ይህን የሚሉበት ቃል ፈለጉ። የሚያውቁት አንድ ቃል ብቻ ሆነ፤ አደራ በላ።

ከምሳ በኋላ ዱሬቲ ተመለሰች። የምኞት ጽሑፎች ተጣርተው ወጥተዋል። ምኞት በአጠገቧ ወንበር ስባ ተቀምጣለች፤ ጉልበቷ ላይ ለሌንጂሳ ትምህርት ቤት የጀመረችው የክስ ማመልከቻ አለ። በእጅ ነው የጻፈችው፤ ከዚህ በኋላ ኮምፒውተር አላምንም ብላለች።

"አሁን ስጫነው ሁሉም ይጠፋል" አለች ዱሬቲ። "ሰላዩም፣ ሌባውም፣ የመዘገበውም። ከፎቶው በቀር የሚቀር ነገር የለም።"

አቶ ሀብተሥላሴ ከኋላቸው ቆመዋል። ሁሉም ይጠፋል። ጣቷ አንድ ጊዜ ብትነካው ከእንግዲህ ማንም አያውቅም፤ በድሉም አይናገርም፤ ለእሱም አይበጀውም። ቤታቸው ንጹሕ ይሆናል። ልጃቸው ሌላ ታገባለች። ጌዶ ላይ አንድ አስተማሪ ከሥራው ይባረራል፤ ስሙን የሚያጥብለትም አይኖርም። እፎይ ሊሉ ሲሉ እፎይታው ራሱ አስጠላቸው።

መብራቱ ብልጭ ብሎ ጠፋና መጣ። ዱሬቲ ተነጫነጨች። ኮምፒውተሩ ሲነሳ እንደ ልማዱ ሰዓቱን ረስቷል፤ ቀን ሙላ፣ ሰዓት ሙላ ይላል። ስልኳ ቻርጅ ላይ ነበር።

"ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ነው?"

እጃቸውን አንስተው አዩ። "ስምንት ከሩብ።"

"ስምንት ከሩብ፤ ስድስት ሲቀነስ ሁለት ከሩብ። ከሰዓት በኋላ" እያለች ሞላችው።

"እኔ አልቀንስም" አሉ አቶ ሀብተሥላሴ።

"እ?"

"እኔ ስሞላው አልቀንስም። የእጄን ሰዓት አይቼ እንዳለ ነው የምሞላው። ጠዋትና ማታ የምትለዋንም አልነካትም።" ድምጻቸው የሌላ ሰው ድምጽ መሰላቸው። "ትናንት ራሱ ነው የሚሞላው ያልኩሽ ውሸቴን ነው።"

መጀመሪያ የገባት ዱሬቲ ናት። እጇ ከኪቦርዱ ላይ ተነሳና ጭኗ ላይ አረፈ። ወደ ምኞት አላየችም፤ ወደ እርሳቸውም አላየችም። ምኞት ግን ከአንዱ ወደ አንዱ አየች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ሰዓቱን እየቆጠረች ነው። ዘጠኝ ከሃያ። ከሰዓት በኋላ። አራስ ጥየቃ ሄደው ነበር። ሌንጂሳ የለም። ቤት የቀረው...

አቶ ሀብተሥላሴ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተው ፍላሹን አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። መነጽር ማስቀመጫቸውንም ከፍተው ወረቀቷን ከአጠገቡ አኖሩ። "እኔ ነኝ" አሉ። "ልጁ ምንም አላደረገም። እኔ ነኝ የጫንኩት፣ እኔ ነኝ ሌባውን ያስገባሁብሽ። ለሽማግሌዎቹም ዋሸሁ።"

ወይዘሮ ብርቅነሽ ከጓዳ በር ላይ ቆመው ሰምተዋል። "አንተ ሰውዬ" ብቻ አሉ።

ምኞት አልጮኸችም። ብትጮህባቸው በተሻላቸው።

"ስንቱን አነበብክ?" አለች።

"ሁሉንም።"

"ስለ አንተ የጻፍኩትንም?"

"መጀመሪያ ያነበብኩት እሱን ነው።"

"እሱን አንብበህ ነው የቀጠልከው?"

ምኞት ተነሳች። ማመልከቻውን ሁለት ቦታ፣ አራት ቦታ ቀደደችና ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ቁልፉ ሲዞር ተሰማ። በዚያ ቤት የክፍል በር ተቆልፎ አያውቅም።

ዱሬቲ በቀስታ ፍላሹን በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "ይሄን ሌላ ቦታ እንዳይሰኩት ነው ጋሼ" አለች። ከዚያ ቁልፉን ተጫነች። እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ያ ሁሉ ጊዜ አቶ ሀብተሥላሴ ቆመው መስመሩ ሲሞላ አዩ። አለቀ፤ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ተነሳ፤ ንጹሕ ሆኖ፣ ምንም ሳያስታውስ። ቀኑበት። በኮምፒውተር ቀኑ።

በዚያው ቀን ሳይመሽ ወደ ኦቦ ኩምሳ ቤት ሄደው በር ላይ ቆመው ተናገሩ። ግቡ ሲባሉ አልገባም አሉ፤ ጠዋት እንግዶቹ እንደቆሙ እርሳቸውም ቆሙ። ኦቦ ኩምሳ በበትራቸው መሬቱን እየጫሩ ሰሙ።

"ያኔ የወንድሜን ደብዳቤ..." ብለው ጀመሩ።

"እሱን አልነካሁም። በወላዲቱ።"

"አውቃለሁ" አሉ ኦቦ ኩምሳ። "ልጠይቅህ ግን ቃጣኝ። ሀብቴ፣ እስከ ዛሬ ቃጥቶኝ አያውቅም።" በሩን ሊዘጉ ሲሉ ቆም አሉ። "ልጁ ጋ ራስህ ሂድ። እኛ የምንመለሰው እሱ ዳግመኛ ከላከን ነው።"

ምኞት ለሌንጂሳ ሰኞ ቀኑን ሙሉ ደወለች፤ አላነሳም። ማታ እራቷን ሳትበላ ክፍሏ ውስጥ መብራት አብርታ ተቀመጠች። አባቷ በበሩ ሥር ብርሃኑን አዩ፤ የእስክሪብቶ ድምጽ የሚሰማ መሰላቸው። አልቆሙም፤ ቶሎ አለፉ።

ማክሰኞ ጠዋት አቶ ሀብተሥላሴ የጌዶን መኪና ሊይዙ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን ጠርገው ሲወጡ ምኞት በረንዳው ላይ ጠበቀቻቸው። ከእሑድ ወዲህ ፊት ለፊት ቆማ ስታናግራቸው የመጀመሪያዋ ነው። እጇ ላይ ነጭ ፖስታ አለ።

"ይሄን ለእሱ ስጥልኝ" አለች።

ደብዳቤ! በእርሳቸው እጅ! ደግሞ ልታምናቸው ነው ማለት ነው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉ፤ ድሮ የአደራ ደብዳቤ እንደሚቀበሉት አድርገው። "በእጁ ነው የማደርሰው" አሉ። እሷ ራሷን ነቅንቃ ወደ ጊንጪ ሚኒባስ ሄደች።

መኪናው ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ጉደርን ሲያልፉ ፖስታውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ፤ የተቀባዩን አድራሻ ሊያዩ ነበር፤ የልማድ ነገር ነው። ስሙ ፊት ለፊት በምኞት እጅ አምሮ ተጽፏል። ገለበጡት።

ከጀርባው መታሸጊያው ላይ፣ ግማሹ በክዳኑ፣ ግማሹ በፖስታው ላይ እንዲያርፍ አድርጋ፣ ፈርማበታለች።